ምጡ ዘገየ እንጂ አልቆመም

[ምስል፦ ደብዘዝ ያለ ክፍል። ግድግዳው ላይ ሰዓት። አልጋ ጠርዝ ላይ የተቀመጠች ነፍሰ ጡር።]

ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ነው። ምጥ የጀመራት ትናንት ከሰዓት በኋላ ነበር። አዋላጇ ገብታ መረመረቻትና «ሦስት ሴንቲሜትር ነሽ» አለቻት። የማህፀን በሯ የተከፈተው ይህን ያህል ነው ማለቷ ነው፤ ሙሉ የሚባለው አሥር ነው። ከአራት ሰዓት በፊት የተነገራትም ሦስት ነበር።

ተመልሳ ጋደም ስትል አንድ ሐሳብ ብቻ ነው ያላት። ያ ሁሉ ህመም በከንቱ ነበር ማለት ነው?

በከንቱ አልነበረም። በዚህ ቪዲዮ የማሳያችሁ በእነዚያ አራት ሰዓታት ሰውነቷ ምን ሲሠራ እንደቆየ ነው። ከዚያ ደግሞ መጠበቅ መቼ ትክክል እንደሆነ፣ መቼ አደገኛ እንደሚሆን እንነጋገራለን።

[ምስል፦ የማህፀን ሥዕል። ከታች የማህፀን በር፣ ረጅምና ዝግ።]

ከማህፀን በር እንጀምር። እርግዝናው ሙሉ የዚህ በር ሥራ መዝጋት ነው። ከ3 እስከ 4 ሴንቲሜትር ርዝመት አለው። ሲነካ እንደ አፍንጫ ጫፍ ጠንከር ይላል። ወደ እናትየዋ ጀርባ ዞር ብሎ ነው የሚቀመጠው።

ልጁ እንዲወጣ ይህ ሁሉ መለወጥ አለበት። በሩ መለስለስ አለበት፤ እንደ አፍንጫ ጫፍ የነበረው እንደ ከንፈር እስኪሆን። ወደ ፊት መምጣት አለበት። እያጠረና እየሳሳ ሄዶ መጨረሻ ላይ እንደ ወረቀት መቅጠን አለበት። ሁሉም ሰው በሴንቲሜትር የሚቆጥረው መከፈት ከእነዚህ ለውጦች አንዱ ብቻ ነው። የመጀመሪያ ልጅ ላይ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በሩ አስቀድሞ ይሳሳል፣ ከዚያ ነው በደንብ የሚከፈተው።

ወደዚያች ሴት እንመለስ። ማታ ሦስት ነበረች፣ አሁንም ሦስት ናት። ግን ወፍራም ሦስት እና ስስ ሦስት አንድ አይደሉም። በሩ ማታ ወፍራምና ወደ ኋላ የዞረ ከነበረ፣ አሁን ደግሞ ሳስቶ ወደ ፊት ከመጣ፣ ትልቅ ሥራ ተሠርቷል። ቁጥሩ ብቻ ነው ያላሳየው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። የመጀመሪያ ልጄን ሳምጥ እኔም የተነገረኝ ቁጥሩ ብቻ ነበር። ስለ መለስለሱም ስለ መሳሳቱም ማንም ምንም አላለኝም። ያ ሌሊት የከበደኝ ከህመሙ ይልቅ «ምንም ለውጥ የለም» የሚለው ቃል ነበር። ስለዚህ ስትመረመሩ «ስንት ሆንኩ?» ብላችሁ አታቁሙ። «ሳስቷል ወይ? ለስልሷል ወይ? ጭንቅላቱስ ወርዷል ወይ?» በሉ። አዋላጆችም ሳትጠየቁ ብትነግሩን እንዴት ደስ ይለን ነበር።

ደግሞ መለኪያው የሰው ጣት ነው። ሁለት ባለሙያዎች አንዷን ሴት በተከታታይ ቢመረምሩ የአንድ ሴንቲሜትር ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል። አንዷ አራት ካለች በኋላ ፈረቃ ተቀይሮ ሌላዋ ሦስት ተኩል ብትል፣ በሩ ተመልሶ ተዘጋ ማለት አይደለም።

[ምስል፦ የድሮ ግራፍ። የተጠማዘዘ መስመር ቀስ ብሎ ይወጣል፣ ከዚያ ሽቅብ ይተኮሳል።]

«በሩ በሰዓት አንድ ሴንቲሜትር መከፈት አለበት» ሲባል ሰምታችሁ ይሆናል። ይህ ነገር ከየት መጣ? ኢማኑኤል ፍሪድማን የሚባል አሜሪካዊ ሐኪም ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1955 (ቀጥሎ የምጠራቸው ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱ 500 ሴቶችን ምጥ በግራፍ አሳየ። ግራፉ መጀመሪያ ላይ ዝግ ይላል፣ ከዚያ ሽቅብ ይወጣል። በ1972 ፊልፖት እና ካስል የተባሉ ሐኪሞች በዛሬዋ ዚምባብዌ ግራፉ ላይ የማስጠንቀቂያ መስመር አሰመሩ። መስመሩ በሰዓት አንድ ሴንቲሜትር ነው። ዓላማው ቅን ነበር። ሐኪም ርቆ ባለበት ቦታ ያለች አዋላጅ እናትየዋን መቼ ወደ ሆስፒታል መላክ እንዳለባት ያሳያታል። ብዙ ሕይወትም አድኗል ብዬ አምናለሁ።

ችግሩ መስመሩ ቀስ በቀስ ሕግ መሆኑ ነው። ከመስመሩ የዘገየች ሴት ሁሉ ችግር እንዳለባት ተቆጠረች።

በ2010 ሌላ ጥናት ወጣ። በአሜሪካ ሆስፒታሎች በተፈጥሮ መንገድ፣ በጤና የወለዱ 62,415 ሴቶችን ምጥ ያየ ነው። ከ4 ወደ 5 ሴንቲሜትር ለመድረስ ብቻ ከ6 ሰዓት በላይ ሊፈጅ እንደሚችል አሳየ። ከ5 ወደ 6 ደግሞ ከ3 ሰዓት በላይ። እነዚህ እኮ ደህና የወለዱ ሴቶች ናቸው! የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 መመሪያውን አስተካከለ። የተፋፋመው ምጥ የሚጀምረው ከ5 ሴንቲሜትር ነው አለ። ከዚያ በፊት ያለው አዝጋሚ ምዕራፍ ደግሞ ከሴት ሴት በጣም ስለሚለያይ ቁርጥ ያለ ሰዓት አልሰጠውም። ከ5 በኋላ ያለው ግን ለመጀመሪያ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከ12 ሰዓት፣ ለቀጣይ ልጆች ከ10 ሰዓት አያልፍም።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ያለችው ሴት ገና ሦስት ናት። በዚህ አቆጣጠር የተፋፋመው ምጥ ሰዓቱ አልተቆጠረባትም።

«ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» ይባላል። ተረቱ የወለደች ሴት ምጥን ታውቀዋለች ብሎ ነው የሚነሳው። እውነት ነው፣ ታውቀዋለች። ግን የምታውቀው ያለፈውን ምጥ ነው። የመጀመሪያው በ8 ሰዓት ውስጥ አልቆላት ሁለተኛው ላይ ሌሊቱን ሙሉ የምትጠብቅ ሴት አለች። እሷም ትደነግጣለች፣ እሷም «አይዞሽ» ያስፈልጋታል።

[ምስል፦ የማህፀን ጡንቻ ሲኮማተር፣ ከዚያ ሲላላ።]

አሁን ስለ ፋታው እናውራ። ምጥ ይመጣል፣ ይሄዳል፣ ፋታ ይሰጣል። ብዙ ሰው ሥራው የሚሠራው ምጡ ሲመጣ ብቻ ይመስለዋል።

ማህፀን ሲኮማተር ወደ እንግዴ ልጁ የሚሄደው ደም ይቀንሳል። ስለዚህ ልጁ በዚያች ደቂቃ የሚያገኘው ኦክስጅን ያንሳል። ጤነኛ ልጅ ይህን ይችለዋል። የሚችለው ግን ፋታው ስላለ ነው። ማህፀኑ ሲላላ ደሙ ይመለሳል፣ ልጁም እንደገና ያገግማል። እናትየዋ ትንፋሿን ስትሰበስብ ልጇም የራሱን ይሰበስባል።

ጡንቻው ሲላላ ደግሞ ሙሉ በሙሉ ወደ ነበረበት አይመለስም። በየጊዜው ትንሽ አጠር ብሎ ይቀራል። እያጠረ በሄደ ቁጥር የማህፀኑን በር ወደ ላይ ይስበዋል። በሩ የሚከፈተው በዚህ ነው፤ ጥቂት በጥቂት፣ ምጥ በምጥ።

ፋታው ይህን ያህል ስለሚያስፈልግ ነው ምጥ ማፋፋሚያ መድኃኒት እንዲሁ የማይጨመረው። መድኃኒቱ ኦክሲቶሲን ነው። ሰውነታችን ራሱ የሚያመነጨው ሆርሞን ነው፣ ስሙም ከግሪክኛ ሲተረጎም ፈጣን ልደት እንደማለት ነው። በ1953 ቪንሰንት ዱ ቪኞ የተባለ ሳይንቲስት በቤተ ሙከራ ሠራው፣ በ1955 የኖቤል ሽልማት አገኘ። ዛሬ በጉሉኮስ ጠብታ ይሰጣል፣ በትክክለኛው ጊዜም ትልቅ እርዳታ ነው። ከመጠን ሲያልፍ ግን ፋታውን ይበላል። በ10 ደቂቃ ውስጥ ከ5 በላይ ምጥ ከመጣ ልጁ የሚያገግምበት ጊዜ ያጥረዋል። «አንድ መርፌ ወግታችሁ ለምን አትገላግሏትም?» ብሎ የሚቆጣ ቤተሰብ ይህን ቢያውቅ ጥሩ ነው።

ሰውነት ራሱ ኦክሲቶሲን የሚጨምርበት መንገድ አለው። የልጁ ጭንቅላት የማህፀኑን በር ሲጫን መልእክቱ ወደ አንጎል ይሄዳል። አንጎል ኦክሲቶሲን ይለቃል። ምጡ ይበረታል፣ ጭንቅላቱ ይበልጥ ይጫናል። ፍርሃት ግን ይህን ሊያውክ ይችላል። ቤት ውስጥ ሲፋፋም የነበረ ምጥ መብራቱ የበዛበት፣ የማታውቀው ሰው የሚመላለስበት ክፍል ስትገባ ረገብ ሊል ይችላል። ስትረጋጋ ደግሞ ይመለሳል።

[ምስል፦ ጀርባውን ለእናቱ ጀርባ የሰጠ ልጅ።]

ሌላው የመዘግየት ምክንያት የልጁ አቀማመጥ ነው። አንዳንዱ ልጅ ጀርባውን ለእናቱ ጀርባ ሰጥቶ ይመጣል። ጭንቅላቱ የሚገባበት ጎን ሰፋ ስለሚል መንገዱ ይጠብበታል። ህመሙ ወገብ ላይ ይበረታል፣ ምጡም ይረዝማል። አብዛኞቹ ልጆች ምጡ ሲገፋ ራሳቸው ይዞራሉ። የሞላ ፊኛም የጭንቅላቱን መውረድ ያስቸግራል። ምጥ ላይ ያለች ሴት ሽንቷ ላይታወቃት ስለሚችል በየ2 ሰዓቱ ገደማ ሄዳ ብትሞክር ጥሩ ነው።

ታዲያ በዚህ ሁሉ ሰዓት ምን ይደረግ? አዝጋሚው ምዕራፍ ላይ መተኛት ከተቻለ፣ መተኛት። በጣም ከባዱ ሥራ ገና ነው፣ ጉልበቱ ይፈለጋል። ሌላ ችግር ከሌለባት መጠጣትና ቀለል ያለ ነገር መብላት ትችላለች። ምጡ ሲጠነክር ደግሞ በጀርባ ከመተኛት ቆም፣ ራመድ፣ ተደገፍ ማለት ይሻላል። ብዙ ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ ቀጥ ብለው የቆዩ ወይም የተራመዱ ሴቶች የመጀመሪያው የምጥ ክፍል፣ ማለትም በሩ ሙሉ እስኪከፈት ያለው፣ በአማካይ በ1 ሰዓት ከ22 ደቂቃ አጥሯል።

ግን ከሁሉም የማስበልጠው አብሯት የሚቆይ ሰው ነው። በ2017 የወጣ ግምገማ 26 ጥናቶችን፣ ከ15,000 በላይ ሴቶችን ያካትታል። ከአጠገባቸው ሳይለይ የሚደግፋቸው ሰው ያላቸው ሴቶች ምጣቸው አጠር ይላል፣ በቀዶ ጥገና የመውለድ ዕድላቸውም ይቀንሳል። አብራችሁ የምትሆኑት ባል፣ እናት፣ እህት፣ ጓደኛ ከሆናችሁ፣ እባካችሁ «እስካሁን?» አትበሏት። ወገቧን እሹላት። ውሃ አቅርቡላት። ስልካችሁን አስቀምጡ። ሌላ ሰው በየደቂቃው «ምን ሆነች?» እያለ ሲደውል የምትመልሱት እናንተ ሁኑ፣ ከክፍሉ ውጭ። እና ማንም አያጣድፋት። በሩ ሳይከፈት «ግፊ» ማለት ጉልበቷን ከመጨረስ ሌላ ጥቅም የለውም።

[ምስል፦ የልጁን የልብ ምት የምታዳምጥ አዋላጅ።]

አሁን ወደ ከባዱ ክፍል። እስካሁን ያልኩት ሁሉ የሚሠራው አንድ ነገር ካለ ነው፤ እየተከታተሉ መጠበቅ። ክትትል የሌለው መጠበቅ፣ ስሙ ምንም ይሁን፣ ሴትየዋን መተው ነው።

ምጡ ከተፋፋመ በኋላ የልጁ ልብ በየ15 እስከ 30 ደቂቃ ይደመጣል። በደቂቃ ከ110 እስከ 160 መምታት አለበት። የእናትየዋ ሙቀት፣ የደም ግፊት፣ የልብ ምት ይታያል። በሩ በየ4 ሰዓቱ ይመረመራል። እነዚህ ደህና ከሆኑና ትንሽም ቢሆን ለውጥ ካለ፣ መዘግየቱ ብቻውን በሽታ አይደለም።

ጠንካራ ምጥ እየመጣ ለሰዓታት በሩ ካልተከፈተ፣ ጭንቅላቱም ካልወረደ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መንገዱ ለልጁ አልበቃ ብሎ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ «ትንሽ እንታገሥ» ማለት ማህፀን እስከ መተርተር ሊያደርስ ይችላል። ልጁ ይታፈናል። ጭንቅላቱ ለረጅም ጊዜ የተጫነው የሰውነት ክፍል ደም አጥቶ ይሞትና ፊስቱላ ይከተላል፤ ሽንት ያለማቋረጥ የሚፈስበት ጉዳት።

ገና ቤት ካላችሁም ጊዜ የማይሰጡ ነገሮች አሉ። ደም ከፈሰሰ ሂዱ። የሽርት ውሃው አረንጓዴ ወይም ቡናማ ከሆነ ሂዱ። ውሃው ፈሶ ምጡ ባይመጣም ሂዱ፣ ሰዓቱ በረዘመ ቁጥር ኢንፌክሽን ያሰጋል። ትኩሳት፣ ኃይለኛ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የልጁ እንቅስቃሴ መቀነስ፣ ፋታ የማይሰጥ ህመም፤ ለእነዚህ ማንም ሰው «ይለፍልሽ» ብሎ አያስቀምጣችሁ።

ሐኪሙ ቀዶ ጥገና ያስፈልጋል ካለም፣ «ያን ሁሉ ሰዓት አምጬ አቃተኝ» አትበይ። ምንም አላቃተሽም። ምክንያቱን ጠይቂ፣ ይንገሩሽ፣ ግቢ።

[ምስል፦ ሰዓቱ። አሁን ከረፋዱ አምስት ሰዓት ይላል።]

ያቺ ሴት ማለዳ ላይ አምስት ሆነች። ከዚያ በኋላ ፍጥነቱ ሌላ ነበር። አሁን በሩ ሙሉ ለሙሉ ተከፍቷል፤ 10 ሴንቲሜትር። መግፋት ተጀመረ። ለመጀመሪያ ልጅ ይህ ክፍል ብዙውን ጊዜ በ3 ሰዓት ውስጥ ያልቃል።

እዚህም አንድ የሚያስደነግጥ ነገር አለ። ስትገፋ የልጁ ጭንቅላት ብቅ ይላል። ፀጉሩ ይታያል። ምጡ ፋታ ሲሰጣት ተመልሶ ይገባል። ትገፋለች፣ ብቅ ይላል። ታርፋለች፣ ይመለሳል። እሷም አጠገቧ ያሉትም «ወደ ኋላ እየሄደ ነው» ይላሉ። አዋላጇ ግን አትደነግጥም። ሥጋው ሳይቀደድ የሚለጠጠው በዚህ መመላለስ ነው። በየምጡ ከበፊቱ ጥቂት አልፎ ይመጣል።

ከዚያ አንዱ ምጥ መጥቶ ይሄዳል፤ ጭንቅላቱ ግን አይመለስም። አዋላጇ እጇን ታቀርባለች። «አሁን አትግፊ» ትላታለች፣ «ቀስ ብለሽ ተንፍሺ»።