የሚጎዳው እየመራ ያለው ቦክሰኛ ነው

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ፣ ዛሬ የቦክስ ቪዲዮ ነው ግን ሃይላይት አይደለም። ሪንግ ውስጥ በእግራቸው ገብተው ከዛች ማታ በኋላ ድሮ የነበሩትን ሰው መሆን ስላልቻሉ ቦክሰኞች ነው የማወራው። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፣ ኮሜንት ላይ እንዳንጨቃጨቅ።

እነዚህን ፍልሚያዎች ደጋግሜ ሳያቸው አንድ ነገር ከነከነኝ። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ሲቀጠቀጥ ያመሸው ሰውዬ አይደለም፣ እሱንማ ዳኛውም አሰልጣኙም ያየዋል፣ ፍልሚያው ይቁም ተብሎ ፎጣ ይወረወርለታል። የሚበላሸው እየመራ ያለው ነው፣ ማን ደፍሮ ያስቁመው?

ሜልድሪክ ቴይለርን እንይ። 1984 ሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ላይ ገና በ17 ዓመቱ ወርቅ የወሰደ፣ እጁ በዓይን የማይያዝ ልጅ ነበር። መጋቢት 1990 ላስ ቬጋስ ላይ ከሜክሲኮው ሁሊዮ ሴዛር ቻቬዝ ጋር ገጠመ፣ ሁለቱም ሽንፈት የሚባል አያውቁም። ቴይለር አስር ይሰነዝራል፣ ቻቬዝ ሁለት፣ ግን የቻቬዝ ሁለቱ ፊቱን አሳበጡት፣ አፉ ውስጥ ያለውን ደም እየዋጠ ነበር የሚፋለመው። እንዲያም ሆኖ ከሶስቱ ነጥብ ሰጪዎች ሁለቱ ጋር በሰፊው እየመራ 12ኛው ዙር ገባ። ዝም ብሎ ቢሸሽ እንኳን ያሸንፍ ነበር'ኮ! ኮርነሩ (ጥግ ላይ ያሉት አሰልጣኞቹ) ግን ይሄን ዙር የግድ ውሰድ ብሎ ላከው። መጨረሻ ላይ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ዳኛው ሪቻርድ ስቲል ደህና ነህ ወይ ሲለው መልስ የለም፣ አስቆመው፣ ሊያልቅ 2 ሰከንድ ሲቀረው። ሰው እስከ ዛሬ በዛች 2 ሰከንድ ይጨቃጨቃል፣ እኔ ከስቲል ጋር ነኝ፣ እንደውም ዘግይቷል ባይ ነኝ። ቴይለር ከዛ በኋላ ሌላ ቀበቶም አሸንፏል፣ ግን ፍጥነቱ የለም፣ ዓመታት አልፈው ኢንተርቪው ሲሰጥ ደግሞ ምላሱ እየተሳሰረ የሚለው በግድ ነው የሚሰማው።

(ምስል፦ ለንደን፣ የካቲት 1995)

ይሄኛው ይከብዳል። ጄራልድ ማክሌለን፣ ሰው ሁሉ የሚፈራው አሜሪካዊ፣ እንግሊዛዊውን ናይጀል ቤንን አንደኛው ዙር ላይ መትቶ በገመዱ መሃል ከሪንግ ውጪ አወጣው። ስምንተኛው ላይም ጣለው። በቃ አለቀለት ስትሉ ግን ማክሌለንን ብቻ ለይታችሁ ተመልከቱት፣ የጥርስ መከላከያው ከአፉ ግማሽ ወጥቶ ተንጠልጥሏል፣ ዓይኑን ደግሞ ቶሎ ቶሎ ያርገበግባል። ያ ድካም አይደለም። አስረኛው ዙር ላይ በአንድ ጉልበቱ ተንበረከከ፣ ተነሳ፣ እንደገና ተንበረከከ፣ ዳኛው እስከ አስር ቆጠረበት። በራሱ እግር ወደ ጥጉ ሄደ፣ ተቀመጠ፣ ከዛ ወደቀ። ጭንቅላቱ ውስጥ የረጋውን ደም በኦፕሬሽን አወጡለት፣ ዓይኑ ግን ጠፋ፣ ጆሮውም አብዛኛው ሄደ፣ ከዛ ጊዜ ጀምሮ የሚያስታምሙት እህቶቹ ናቸው።

እሺ ውስጥ ምንድነው የሚሆነው? ግማሽ ውሃ ያለው ጀሪካን ባጃጅ ላይ ጭናችሁ ሾፌሩ ድንገት ፍሬን ሲይዝ ጀሪካኑ ይቆማል ውሃው ግን ወደፊት ይሄዳል። አንጎልም ፈሳሽ ውስጥ ነው ያለው፣ በተለይ ሁክ የሚባለው ከጎን የሚመጣ ቡጢ ጭንቅላትን ሲያሽከረክረው አንጎል ዘግይቶ ይከተላል፣ አንጎልንና ሽፋኑን የሚያገናኙት ቀጫጭን ደም ስሮች ያኔ ሊበጠሱ ይችላሉ። ደሙ ደግሞ ቀስ እያለ ሊጠራቀም ይችላል፣ ስለዚህ ሰውዬው ያወራል፣ ይራመዳል፣ እናንተም ደህና ነው ትላላችሁ።

ማጎመድ አብዱሰላሞቭ የሚባል ቦክሰኛ 2013 ኒውዮርክ ላይ 10 ዙር ተፋልሞ በነጥብ ተሸነፈ፣ በእግሩ ወጣ፣ ሆስፒታል የሄደው በአምቡላንስ ሳይሆን በታክሲ ነው። ደርሶ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ተገኘበት፣ ኮማ ገባ፣ ዛሬ የቀኝ ጎኑ አይታዘዝለትም። የኒውዮርክ ግዛት 2017 ላይ 22 ሚሊዮን ዶላር ሊከፍል ተስማማ። ማይክል ዋትሰንም እንደዛው፣ 1991 ለንደን ክሪስ ዩባንክን 11ኛው ዙር ላይ ጥሎት ነበር፣ ዩባንክ ተነስቶ ባንድ አፐርከት፣ ከታች ወደ ላይ በሚመጣ ቡጢ፣ ገለበጠው። ሪንጉ ዳር አምቡላንስ አልቆመም፣ 40 ቀን ኮማ ውስጥ ቆየ፣ 6 ጊዜ አንጎሉ ላይ ኦፕሬሽን ተሰራለት። የእንግሊዝን የቦክስ ቦርድ ከሶ ረታ። 2003 ላይ ደግሞ የለንደን ማራቶንን በ6 ቀን ጨረሰ፣ ዩባንክም አብሮት ተራምዷል።

ይሄን ሁሉ የማወራው ለምን መሰላችሁ፣ እኔ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው። ጠዋት ጠዋት ከብሎኮቹ ጀርባ ማዳበሪያ ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀው ሰቅለው የሚመቱ ልጆች አሉ፣ አንድ ጥንድ ጓንት ለአምስት፣ ትንፋሻቸው ግን ጉድ ነው። እርስ በርስ ለልምምድ ሲመታቱ "ስፓሪንግ ነው እንጂ ፍልሚያ አይደለም" ይላሉ። አንጎል ልዩነቱን አያውቅም ወንድሞቼ። ጭንቅላት ላይ የሚደረገው መከላከያ፣ ሄድጊርም፣ ቅንድብ እንዳይሰነጠቅ ያግዛል እንጂ የጀሪካኑን ውሃ አያቆመውም።

ባለፈው አንዱ ልጅ ግንባሩ ጋ ቀምሶ እየሳቀ ጨረሰ፣ ከዛ የጫማውን ክር ማሰር አቃተው፣ ጣቱ ይሄዳል ክሩን አይዝም። ጓደኞቹ "ይተኛ ይሻለዋል" አሉ። አይተኛም! ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፣ ካስመለሰው፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ካለው፣ አንዱ የዓይን ብሌን ከሌላው ከሰፋ፣ ንግግሩ ከተንተባተበ፣ ሰፈር ክሊኒክ ፓናዶል ፍለጋ ሳይሆን ሲቲ ስካን ያለበት ሆስፒታል ነው የሚኬደው። ልጁ ተወስዶ ታይቷል፣ ደህና ነው፣ ለጊዜው ጓንት አይነካም።

የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ግን የቃሊቲን መንገድ የማታ ሰዓት የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት ሰፈር ውስጥ መኪና ያለው አንድ ሰው ስልክ ያዙ። ደግሞ የማይጫወት አንድ ሰው ምረጡ፣ በቃ ካለ በቃ የሚሆን፣ እየመራ ያለውንም ጭምር የሚያስቆም። የሚቀጥለው ቪዲዮ የመሐመድ አሊና የላሪ ሆልምስ የ1980 ግጥሚያ ነው፣ እስከዛ ቻው።