ሳነቴ ላይ ከመንገድ አትውጡ

በሐዋሳ፣ በአስጎብኚዎችና በሾፌሮች ሥልጠና ማጠቃለያ ላይ የተደረገ ንግግር

ክቡራን እንግዶች፣ ውድ ተመራቂዎች፤ እንኳን ደስ አላችሁ።

ግማሾቻችሁን ባዮሎጂ አስተምሬያችኋለሁ። ንግግር ማሳጠር እንደማልችልበት ታውቃላችሁ። አዘጋጆቹ ስለ ቱሪዝም ዕድገት ተናገር ብለውኛል። እናገራለሁ፤ መጀመሪያ ግን ስለ አንድ አበባ።

የባሌ ተራሮች በመስከረም 2016 ዓ.ም. ከጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር ጋር በዓለም ቅርስነት ሲመዘገቡ ሁላችንም ደስ ብሎናል። እንግዳ ይዘን በሻሸመኔ፣ በዶዶላ፣ በዲንሾ አድርገን የምንወጣውም እኛው ነን። ጎባን አልፋችሁ የተራሮቹ አናት ላይ ያለው ሰፊ አምባ፣ ሳነቴ ስትደርሱ ከ4,000 ሜትር በላይ ናችሁ። እዚያ ድንጋዩ መሃል ግራጫ፣ ድብልብል ያለ ቁጥቋጦ አለ። ከሩቅ የተኛ በግ ይመስላል። ሳይንሳዊ ስሙ ሄሊክራይሰም ሲትሪስፒነም ነው። የኑግ፣ የሱፍና የአደይ አበባ ዘመድ ነው።

ጠጋ ብላችሁ እዩት። ቅጠሉ ትንሽ ነው፤ ጫፉ ይወጋል። አበባውን በጣታችሁ ስትነኩት ይንኮሻኮሻል። ዙሪያውን ያለው ነጭ ነገር ደረቅ ሽፋን ነው። እውነተኞቹ አበቦች መሃል ላይ ተጠጋግተው የቆሙት ጥቃቅኖቹ ናቸው። እርጥበት ሲመጣ ሽፋኑ ይከደናል፣ ሲደርቅ ይከፈታል። ሳነቴ ላይ ቀን ፀሐዩ ይጠብሳል፤ በበጋ ሌሊት ውርጭ ነው። በአፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ በረዶ ሲሆን አፈሩን ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ችግኝም ይነቅላል። እንዲህ ባለ ቦታ ሥር ሰዶ ቁጥቋጦ መሆን ምን ያህል እንደሚከብድ አስቡት።

አሁን ወደ መጣሁበት ጉዳይ ልግባ። አንድ ጊዜ ከዚሁ ከሐዋሳ ከተነሱ ጎብኚዎች ጋር ወጣሁ። የድርጅቱን ስም አልጠራም፤ ራሱን ያውቃል። ሳነቴ ላይ ወደ ቱሉ ዲምቱ ተራራ ስንቃረብ አንዷ እንግዳ «ቀበሮ! ቀበሮ!» ብላ ጮኸች። እውነትም ቀይ ቀበሮ ነው፤ አይጥ አድብቶ ይጠብቃል። ሾፌሩ ምን አለ? ምንም አላለም። መሪውን ጠምዝዞ ከመንገድ ወጥቶ ሜዳው ውስጥ ገባ! ላንድክሩዘሩ ይዘላል፣ እኛ ከጣሪያው ጋር እንላተማለን፣ ሰው ሁሉ ስልኩን አውጥቷል። ቀበሮው ግን ቀድሞ ሄዷል። ወርጄ ወደ ኋላ ሳይ አንዱ ቁጥቋጦ ለሁለት ተሰንጥቋል። ውስጡ እንደ አውራ ጣት የወፈረ፣ የተጠማዘዘ ግንድ ነበረው። «ምን አደረግህ?» አልኩት። «ጋሼ፣ ሳር እኮ ነው፤ ይበቅላል» አለኝ።

ሳር! ከዓመታት በኋላ በዚያው በኩል አለፍኩ። የጎማው ፈለግ ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ውስጡ አንዲት ቅጠል የለም። ሌሎች ሾፌሮችም ያንኑ ፈለግ መንገድ መስሏቸው ይነዱበታል። ቀበሮው የሚኖረው ፍልፈልና አይጥ በልቶ ነው። አይጡ ደግሞ የሚሸሸገው በዚያ ቁጥቋጦ ሥር ነው። እንግዳውን ቀበሮ አሳየዋለሁ ብለህ የቀበሮውን ጓዳ ትረግጣለህ! ይሄ ነው አስጎብኚነት? ይሄ ነው በዓለም ቅርስነት ያስመዘገብነው?

እንግዳው «ጠጋ በልልኝ» ሲላችሁ ሞተሩን አጥፉና ባይኖኩላር ስጡት። ጉርሻ ይቀርብናል ካላችሁ፣ ይቅር! ማዞሪያ ከጠፋም ጥርጊያው ላይ ወደ ኋላ ንዱ። መንዳት ተምራችሁ የለ?

ስለ ቆሻሻም የምለው ነበረኝ፤ የያዛችሁትን ላስቲክ ይዛችሁ ውረዱ፣ በቃ። የቱሪዝም ዕድገቱ ደግሞ በታደላችሁ ወረቀት ላይ አለ፤ ታነቡታላችሁ።

ምስክር ወረቀቱ ይምጣ። ሾፌሮች ቀድማችሁ ተሰለፉ።