ከጉማራ ድልድይ በላይ ያለው ተፋሰስ፦ ከከፍታ መረጃ እስከ ወንዝ መስመር

[ስክሪን፦ የሳተላይት ምስል። ከጣና ምሥራቃዊ ዳርቻ ተነስቶ ቀስ እያለ ወደ ጉና ተራራ ይጓዛል።]

ሰላም፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው አስፋልት ሐሙሲትን አልፋችሁ ወረታ ሳትደርሱ ጉማራ ወንዝን ትሻገራላችሁ። ክረምት ላይ ድልድዩ ሥር የሚወርደው ውኃ ቡናማ ነው። አፈር ተሸክሟል። ይህ ውኃ ከየትኛው መሬት ተሰብስቦ መጣ? የየትኛው ቀበሌ ማሳ ወደዚህ ወንዝ ይፈስሳል? የየትኛውስ ወደ ጎረቤቱ ወደ ርብ ይሄዳል?

ዛሬ ይህንን በካርታ እንመልሳለን። ከድልድዩ በላይ ያለውን ተፋሰስ ወሰን እናወጣለን፣ በውስጡ ያሉትን ገባሮችም እንስላለን። የምንጠቀመው ኪውጂአይኤስ የተባለውን የካርታ ሶፍትዌር እና አብሮት የሚመጣውን ግራስ ነው። ሁለቱም ነፃ ናቸው። መረጃውም ነፃ ነው። የሚያስቸግረው ኢንተርኔቱ ብቻ ነው።

ቁልፎቹን መጫን ቀላሉ ሥራ መሆኑን ግን ከአሁኑ ልንገራችሁ። ሶፍትዌሩ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የቱ ቦታ ከየቱ ከፍ ይላል የሚለውን። ደለልን አያውቅም፣ ድልድይን አያውቅም፣ ዋሻም አያውቅም። ስለዚህ በዚህ ቪዲዮ ረዘም ብዬ የምቆየው ሶፍትዌሩ በሚሳሳትባቸው ቦታዎች ላይ ነው።

[ስክሪን፦ ግራጫ የከፍታ ምስል። ጉና ነጭ፣ የፎገራ ሜዳ ጥቁር።]

መጀመሪያ መረጃው። ባለሙያዎች ዴም ይሉታል። መሬቱ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ ፒክስል አንድ የከፍታ ቁጥር ይይዛል። በጣም የታወቀው ኤስአርቲኤም ነው። በየካቲት 2000፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ ኢንደቨር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር ለ11 ቀናት መሬትን እየዞረች በራዳር የለካችው ነው። አዲሱ ደግሞ የአውሮፓውያኑ ኮፐርኒከስ ነው። የሁለቱም ፒክስል ስፋት ወደ 30 ሜትር ገደማ ነው። ኮፐርኒከስን ብትወስዱ ይሻላችኋል። ምክንያቱን ፎገራ ሜዳ ላይ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

መረጃው የሚወርደው በአንድ ዲግሪ በአንድ ዲግሪ ቁራጭ ነው። ጣና ዙሪያን የሚሸፍነው ቁራጭ ብቻውን አይበቃም። ጉማራ የሚነሳው ከጉና ነው፤ ጉና ደግሞ ከ38ኛው ዲግሪ በስተምሥራቅ ነው ያለው። ስለዚህ በ37 የሚጀምረውንም በ38 የሚጀምረውንም አውርዳችሁ አጋጥሟቸው። አንዱን ከረሳችሁ ተፋሰሱ ራሱ የተቆረጠ ሆኖ ይወጣል፤ ሶፍትዌሩም «ስህተት» አይላችሁም፣ ዝም ብሎ ይሠራል።

ቀጥሎ ፕሮጀክሽን፣ ማለትም ክቡን መሬት ወደ ጠፍጣፋ ካርታ የሚቀይረው ስሌት። የወረደው መረጃ በዲግሪ ነው፤ እኛ የምንፈልገው በሜትር ነው። ለዚህ አካባቢ ዩቲኤም ዞን 37 ሰሜን ነው፣ ቁጥሩ 32637። «ዋርፕ» በሚለው መሣሪያ ስትቀይሩ የማስላት ዘዴውን «ቢሊኒየር» አድርጉት። እንዳለ ከተዋችሁት ቅርብ ያለውን ፒክስል እየገለበጠ መሬቱ ላይ ደረጃ ደረጃ ይሠራል። ውኃውም ደረጃውን ተከትሎ ይሄዳል።

[ስክሪን፦ ዘጠኝ ፒክስሎች፣ በየመሐላቸው የከፍታ ቁጥር።]

አሁን ዋናው ነገር። ኮምፒውተሩ ውኃ ወዴት እንደሚሄድ እንዴት ያውቃል? ሐሳቡ በፈረንጆቹ 1984 የታተመ የሁለት ተመራማሪዎች፣ የኦካላሃን እና የማርክ ሥራ ነው፤ ዛሬም እሱው ነው የሚሠራበት። እያንዳንዱ ፒክስል ስምንት ጎረቤት አለው። ውኃው ከስምንቱ በጣም ቁልቁል ወደሚወርደው ይሄዳል። ስሙም ዲ8 ነው።

ልብ በሉ፣ «በጣም ቁልቁል» ነው ያልኩት፣ «በጣም ዝቅ ያለው» አላልኩም። መሐል ያለው ፒክስል 1,900 ሜትር ነው እንበል። በስተምሥራቅ ያለው 1,897፣ በደቡብ ምሥራቅ ማዕዘን ያለው 1,896። ዝቅ የሚለው የማዕዘኑ ነው። ግን ወደ ማዕዘን ያለው ርቀት 30 ሳይሆን 42.4 ሜትር ነው። 3 ሜትር በ30 ሲካፈል 10 በመቶ ቁልቁለት ነው። 4 ሜትር በ42.4 ሲካፈል 9.4 በመቶ። ውኃው ወደ ምሥራቅ ይሄዳል።

ይህ ለእያንዳንዱ ፒክስል ከተሰላ በኋላ ሁለተኛው ሥራ መቁጠር ነው። ወደዚህ ፒክስል ከላይ ስንት ፒክስል ይፈስሳል? ሸንተረር ጫፍ ላይ ዜሮ ነው። ወደ ታች ሲወረድ ቁጥሩ ያድጋል። ሸለቆ ውስጥ በመቶ ሺህ ይሆናል። ወንዝ የምንለው እንግዲህ ቁጥሩ ትልቅ የሆነባቸው ፒክስሎች መስመር ነው።

«ትልቅ» ማለት ስንት ነው? እዚህ ላይ ሶፍትዌሩ እናንተን ይጠይቃል፤ መልሱንም ከእናንተ ይጠብቃል። አንድ ፒክስል 900 ካሬ ሜትር ነው። 1,111 ፒክስል 1 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ገደቡን እዚያ ላይ ካደረጋችሁት ጉና ተዳፋት ላይ ያለች ቦይ ሁሉ ወንዝ ሆና ትወጣለች። 11,111 ካላችሁ፣ ማለትም 10 ካሬ ኪሎ ሜትር፣ ዋና ዋና ገባሮች ብቻ ይቀራሉ። ትክክለኛ የሚባል ቁጥር የለም። እኔ የምመክረው ውጤቱን የሳተላይት ምስል ላይ አስቀምጦ የመስመሩ ጫፍ ቦይ መታየት ከሚጀምርበት ቦታ ጋር እስኪገጥም ድረስ ገደቡን ማስተካከል ነው። አንዳንድ ጥናቶች ላይ ገደቡ ሳይጻፍ «የወንዝ ጥግግት (በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ያለው የወንዝ ርዝመት) ይህን ያህል ነው» ሲባል አያለሁ። ገደቡን ካልነገሩን ቁጥሩ ምንም አይነግረንም።

[ስክሪን፦ የኪውጂአይኤስ የመሣሪያ ሳጥን፣ ግራስ የሚለው ተከፍቶ።]

በተግባር ይህን ሁሉ አር ነጥብ ወተርሼድ የሚባለው የግራስ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ይሠራዋል። የከፍታውን ራስተር፣ ማለትም በፒክስል የተሠራውን ምስል ስጡት፣ ዲ8 የሚለውን ምልክት አድርጉ፣ የገደቡን ቁጥር በፒክስል ጻፉ። የፍሰት አቅጣጫ፣ የፍሰት ክምችት (ቅድም የቆጠርነው ቁጥር) እና የወንዝ መስመር ይሰጣችኋል። በክምችቱ ራስተር ላይ ኔጌቲቭ ቁጥር ካያችሁ አትደንግጡ። «ከካርታው ውጭ ውኃ ሊመጣ ይችላል፣ ቁጥሩ ላይ አትተማመኑ» ማለቱ ነው። የጉማራ ዋና መስመር ላይ ኔጌቲቭ ካለ ግን መረጃው ጠቦባችኋል። ሰፋ አድርጋችሁ ቁረጡ።

አሁን መውጫ ነጥቡ፣ ማለትም የተፋሰሱ ውኃ ሁሉ የሚያልፍበት ቦታ፤ ለእኛ ድልድዩ ነው። ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ነው። ድልድዩን ሳተላይት ምስል ላይ አይታችሁ ጠቅ ብታደርጉ የምታገኙት ተፋሰስ የአንድ ቤት ግቢ የሚያህል ሊሆን ይችላል። ምክንያቱም የኮምፒውተሩ ወንዝ ከእውነተኛው ወንዝ በአንድ ወይም በሁለት ፒክስል ይርቃል። ጠቅ ያደረጋችሁበት ፒክስል ወንዙ ላይ ሳይሆን ዳር ላይ ነው። የነጥቡን መጋጠሚያ (ኮኦርዲኔት) ከድሮ የኢትዮጵያ ካርታ ላይ ካነበባችሁት ደግሞ ይብሳል። እነዚያ ካርታዎች አዲንዳን በሚባል ዳተም፣ ማለትም ጂፒኤስ ከሚጠቀምበት በተለየ የመለኪያ መነሻ የተሠሩ ናቸው፤ ሳይቀየሩ ከጂፒኤስ መረጃ ጋር ቢደረቡ ነጥቡ ወደ 200 ሜትር ገደማ ይንሸራተታል።

መፍትሔው ቀላል ነው። የፍሰት ክምችቱን ራስተር ከላይ አድርጉ። ድልድዩ አጠገብ አቅርቡትና ትልቁን ቁጥር የያዘውን ፒክስል ፈልጉ። የዚያን መጋጠሚያ ቅዱና አር ነጥብ ወተር ነጥብ አውትሌት ለሚባለው መሣሪያ ከፍሰት አቅጣጫው ጋር ስጡት። አርክጂአይኤስ በሚባለው ሌላ የካርታ ሶፍትዌር ላይ ይህን የሚያደርግ «ስናፕ ፖር ፖይንት» የሚባል መሣሪያ አለ።

ከመቀጠላችሁ በፊት የፒክስሉን ቁጥር በ900 ካሬ ሜትር አባዙ። ከድልድዩ በላይ ያለው የጉማራ ተፋሰስ ከ1,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ስለዚህ የፒክስሉ ቁጥር ከ1.1 ሚሊዮን ማለፍ አለበት። 40 ሺህ ካነበባችሁ አንድ ገባር ላይ ናችሁ። 12 ካነበባችሁ ማሳ ላይ።

ጥሩ ከሆነ የወጣላችሁን ተፋሰስ ወደ ፖሊጎን፣ ማለትም በመስመር ወደታጠረ ቅርጽ ቀይሩት። ወሰኑ ወጣ ማለት ነው።

[ስክሪን፦ የተፋሰሱ ወሰን በቀይ፣ ገባሮቹ በሰማያዊ። ምስሉ ወደ ፎገራ ሜዳ ይወርዳል።]

እስካሁን ያለው ተዳፋቱ ላይ ነው። ተዳፋት ላይ ሶፍትዌሩ ጎበዝ ነው። ችግሩ ሜዳ ላይ ነው፣ ያውም ፎገራን የመሰለ ሜዳ። ከድልድዩ በታች ያለውን ተመልከቱ። መስመሮቹ በማስመሪያ እንደተሰመሩ ቀጥ ብለው፣ ጎን ለጎን ወደ ጣና ይሄዳሉ። እንዲህ ያለ ወንዝ የለም። ኤስአርቲኤም ከፍታን የሚጽፈው በሙሉ ሜትር ነው። በመቶዎች ሜትር ርቀት አንድ ሜትር ብቻ በሚወርድ ሜዳ ላይ ብዙ ፒክስሎች አንድ ዓይነት ቁጥር ይይዛሉ። ውኃው ወዴት ይሂድ? ሶፍትዌሩ አጭሩን መንገድ ይመርጥለታል። ኮፐርኒከስ ከሜትር በታች ያለውንም ስለሚይዝ ትንሽ ይሻላል። ሙሉ በሙሉ ግን አይፈታውም።

ርብ ላይ ደግሞ ነገሩ ይወሳሰባል። የታችኛው ርብ ደለል እያነጠፈ አልጋውን ከፍ አድርጓል። ክረምት ሲሞላ ዳሩን ጥሶ ሩዝ ማሳው ላይ የሚተኛው አንድም በዚህ ነው። «ውኃ ሁልጊዜ ዝቅተኛው ቦታ ላይ ነው» ብሎ የሚያስብ ሶፍትዌር እንዲህ ያለውን ወንዝ ከቦታው አንስቶ ሌላ ቦታ ያስቀምጠዋል።

ዛፍም አለ። ራዳሩ ደኑን ሙሉ በሙሉ ሰንጥቆ መሬት አይደርስም። ደብረ ታቦር ዙሪያ በየቤተ ክርስቲያኑ ያለው ደን እና የባሕር ዛፍ ተክሉ መረጃው ላይ ትንሽ ኮረብታ ሆኖ ይታያል። ሰፊ ሸለቆ ላይ አይጎዳም፤ ሜዳ ላይ ግን መስመር ያጣምማል።

ለሜዳው የሚሠራው እውነተኛውን ወንዝ ከሳተላይት ምስል ላይ በእጅ መሳል ነው። ከዚያ በራስተር ካልኩሌተር መስመሩ ሥር ያሉትን ፒክስሎች 10 ሜትር ያህል ዝቅ አድርጋችሁ እንደገና ማስላት። ውኃው በሳላችሁለት ቦይ ይገባል። አንዳንዶች ይህን ማጭበርበር ይሉታል። እኔ አልስማማም። ወንዙ የት እንዳለ በዓይን እየታየ ኮምፒውተሩ እንዲገምት መተው ነው የሚከብደው። ብቻ የነካካችሁትን የከፍታ መረጃ ለወንዝ መስመር እንጂ ለቁልቁለት ስሌት አትጠቀሙበት።

[ስክሪን፦ የአፋር ዝቅተኛ ቦታዎች፣ የአቤ ሐይቅ።]

ከጉማራ ወጣ ብዬ አንድ ማስጠንቀቂያ። ብዙ መመሪያዎች «መጀመሪያ ጉድጓዶቹን ሙላ» ይላሉ፤ ጉድጓድ ማለት ዙሪያው ሁሉ ከፍ ያለ፣ ውኃ የማይወጣበት ፒክስል ነው። ሳጋ በሚባለው ሶፍትዌር ላይ «ፊል ሲንክስ» የሚለው ነው። አብዛኛው ጉድጓድ የመረጃ ስህተት ስለሆነ ልክ ነው፣ ደጋ ላይ ችግር የለውም። ግን አዋሽ ላይ ይህን ብትሞክሩት፣ ሶፍትዌሩ አቤ ሐይቅን እስኪፈስስ ይሞላውና አዋሽን ባሕር ያስገባዋል። አዋሽ ባሕር አይገባም፤ አቤ ላይ ነው የሚያልቀው። ዳሎልም እንዲሁ ነው፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ የወረደ እውነተኛ ጉድጓድ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ስትሠሩ አር ነጥብ ወተርሼድ ላይ የእውነተኛ ጉድጓዶችን ራስተር የምትሰጡበት ሳጥን አለ። እሱን ሙሉት።

[ስክሪን፦ የጣና ሙሉ ተፋሰስ። በምዕራብ በኩል ነጠብጣብ መስመር ወደ በለስ።]

መልሰን ወደ ጣና። በዚሁ ዘዴ የሐይቁን ሙሉ ተፋሰስ ማውጣት ትችላላችሁ፤ ግልገል ዓባይ፣ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭ ሁሉም ይገባሉ። ግልገል ዓባይ የሚነሳባት ሰከላ ከ11ኛው ዲግሪ ትንሽ ወደ ደቡብ ስለሆነች ሌላ ቁራጭ ጨምሩ። ውጤቱ አንድ መውጫ ያሳያችኋል፣ ባሕር ዳር ላይ ያለውን ዓባይ። ከፈረንጆቹ 2010 ወዲህ ግን የሐይቁ ውኃ ሌላም መውጫ አለው። ከምዕራብ ዳርቻው ተነስቶ 12 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሆን ዋሻ ወደ በለስ ይሄዳል፣ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨውን ጣቢያ ያዞራል፣ ከዚያ በበለስ ወርዶ ከጢስ ዓባይ ብዙ ርቆ ዓባይን ይቀላቀላል። ዋሻው ሸንተረሩን በሥሩ ነው የሚያልፈው። የትኛውም የከፍታ መረጃ አያሳየውም።

ስለዚህ የበለስን የውኃ መጠን የምትተነትኑ ከሆነ ከከፍታ መረጃ ያወጣችሁት ወሰን የዝናቡን ድርሻ ብቻ ነው የሚነግራችሁ። ዋሻውን እንደ ተጨማሪ ምንጭ በነጥብ አስቀምጡት፣ በዓመት የሚለቀቀውንም ከመዝገብ አምጥታችሁ ደምሩ።

የጉማራውን ፖሊጎን ጂኦፓኬጅ በሚባለው የካርታ ፋይል ዓይነት አስቀምጡት፤ የተጠቀማችሁበትን ዴም፣ ገደቡንና የመውጫውን መጋጠሚያ አብራችሁ ጻፉ። ከዚያ ወደ ኬኤምኤል ፋይል ቀይራችሁ ስልክ ላይ ጫኑት። የጉማራና የርብ ወሰን ሸንተረር ላይ ስትደርሱ እዚያ የሚያርሰውን ገበሬ «የዚህ ማሳ ጎርፍ ወዴት ነው የሚወርደው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱ ከካርታችሁ ጋር ካልገጠመ ነጥቡን መዝግቡና ወሰኑን አስተካክሉ።