ብቻዋን የመጣች እንግዳ የት ትዋል?

(ደሴ ላይ ለአስጎብኚዎች፣ ለሆቴል ባለሙያዎችና ለቱሪዝም ተማሪዎች የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ከሐይቅ፣ ከኮምቦልቻ፣ ከባቲና ከላሊበላ ድረስ የመጣችሁ አስጎብኚዎች፣ የሆቴልና የምግብ ቤት ባለቤቶች፣ ተማሪዎቻችን፤ ጤና ይስጥልኝ፤ አሰላሙ ዓለይኩም።

ስለ ጉዞ ተናገሪ ስባል ብዙ አገር ከመዘርዘር አንድ ቀን መረጥኩ። ቀኑን የዋልኩት ዛንዚባር ነው። ዛንዚባር የምንለው ከታንዛንያ ጠረፍ ፈቀቅ ብለው ሕንድ ውቅያኖስ ላይ ያሉ ደሴቶችን ነው፤ ትልልቆቹ ኡንጉጃና ፔምባ ናቸው። እኔ የነበርኩት ኡንጉጃ ነው። በዚያ ቀን ጓደኛ፣ አስጎብኚ ድርጅትም ሆነ የተከራየሁት መኪና አልነበረኝም። ከማለዳ እስከ ምሽት ብቻዬን ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ግን ከልቤ ያልወጣው ወሎ ነበር።

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ደሴ የሚያድረው እንግዳ አብዛኛው መንገደኛ ነው። ማታ ይደርሳል፣ ራቱን በልቶ ይተኛል፣ ጎህ ሲቀድ ወደ ላሊበላ ይነሳል። ከኛ የሚገዛው አልጋ ብቻ ነው። ይህ ሰው፣ በተለይ ብቻውን የመጣው፣ እዚህ አንድ ቀን ሙሉ የሚውልበትን ምክንያት እንድንሰጠው ነው ዛሬ የምለምናችሁ።

ስቶን ታውን የሚባለው አሮጌው ከተማ ከኮራል ድንጋይና ከኖራ የተሠራ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2000 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። መንገዱ ጠባብ ነው፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ካለፈ ግድግዳው ሊነካው ይደርሳል። በሮቹ ከባድ እንጨት ናቸው፤ አበባና የቁርዓን ጥቅስ ተቀርጾባቸዋል፣ የነሐስ ጉብጉብ ተመቶባቸዋል። ከአዛን በኋላ ወጥቼ መሄድ ስጀምር የት እንደምደርስ አላውቅም ነበር፤ ማወቅም አልፈለግሁም። የቤቱ ሁሉ ግድግዳ ሥር የድንጋይ መደብ ተሠርቷል። ጎረቤት እዚያ ላይ ይቀመጣል፣ ያወራል፣ ቡና ይጠጣል። ቡናው በከሰል ላይ በተጣደ የናስ ማንቆርቆሪያ ይመጣል፤ ጥቁር ነው፣ ጆሮ በሌላት ትንሽ ስኒ ይቀዳል፣ አጠገቡ በኦቾሎኒና በስኳር የተጋገረ ካሻታ የሚባል ጣፋጭ አለ። ሽማግሌዎቹ ፈቀቅ ብለው ቦታ ሰጡኝ። ከኢትዮጵያ ነኝ ስላቸው ስለ ቡና ይጠይቁኝ ጀመር። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብዬ ዘረዘርኩላቸው፤ ወሎ ውስጥ ቡና ያለ ዱዓ እንደማይጠጣም ነገርኳቸው። አንደኛው አባት እጁን ዘርግቶ መረቀኝ፤ እኔም አሚን አልኩ። ያደግኩት አንድ ዘመድ ወደ መስጊድ ሌላው ወደ ቤተ ክርስቲያን ከሚሄድበት ቤት ነውና ምርቃት ከየትም ይምጣ መቀበል እናውቅበታለን።

እዚያ ለብቻዬ ያስደሰተኝ አንድ ነገር አለ፤ ሰዓታቸው የኛው ሰዓት ነው። ስዋሂሊ ተናጋሪው ቀኑን የሚቆጥረው ከንጋት ጀምሮ ነው። ደሴቷ ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፤ 6 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ። ቀንና ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ እኩል ሊባል ይችላል፤ ፀሐይ ስትወጣ ቆጠራው ይጀምራል። የመኪና ረዳቱ «ሦስት ሰዓት» ሲል ከአውሮፓ የመጡት መንገደኞች ስልካቸውን እያዩ ግራ ሲጋቡ እኔ ልክ እንደ ደሴ መናኸሪያ ሰምቼ ተቀመጥኩ። በባዕድ አገር እንዲህ ያለ ነገር ሰውን ያሳርፋል። የኛም ሰዓት ለእንግዳ ግራ እንደሚያጋባ አስቡልኝ፤ የአውቶቡስ ሰዓት ስትነግሩት በሁለቱም አቆጣጠር ንገሩት።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከገበያው ትንሽ አለፍ ብሎ የአንግሊካን ካቴድራል አለ። የቆመው የባሪያ ገበያ በነበረበት ቦታ ላይ ነው። የኦማኑ ሱልጣን ሰዒድ ቢን ሱልጣን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መቀመጫውን ከመስቀጥ ወደ ዛንዚባር ካዛወረ በኋላ ደሴቷ በሁለት ነገር ከበረች፤ በቅርንፉድና በሰው። ከአፍሪካ መሐል አገር በሰንሰለት ታስረው የመጡ ሰዎች እዚህ ይሸጡ ነበር፤ ከፊሉ በዚያው በቅርንፉድ እርሻ ላይ ይቀራል፣ ከፊሉ ባሕር ይሻገራል። ገበያው የተዘጋው እ.ኤ.አ. በ1873 ሱልጣን ባርጋሽ በእንግሊዞች ግፊት በፈረመው ውል ነው፤ የካቴድራሉም ሥራ በዚያው ዓመት ተጀመረ። ባርነት ራሱ በሕግ የቀረው ግን እ.ኤ.አ. በ1897 ነው። በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ፣ መንበሩ አጠገብ፣ ወለሉ ላይ የእብነ በረድ ክብ አለ። ሰዎች ታስረው ይገረፉበት የነበረው ዛፍ የቆመበትን ቦታ ያመለክታል። ውጭ ደግሞ ከመሬት ዝቅ ብሎ በተቆፈረ ጉድጓድ ውስጥ፣ ክላራ ሶርናስ የተባለች ስዊድናዊት እ.ኤ.አ. በ1998 የሠራቻቸው አምስት ሐውልቶች አንገታቸው በሰንሰለት ተያይዞ ቆመዋል።

ያስጎበኘኝ የደሴቷ ልጅ ወጣት ነበር። ድምፁን ከፍ አላደረገም፣ አላስለቀሰም፣ ማንንም አልደበቀም። አረቦቹን ተናገረ፣ እንግሊዞቹን ተናገረ፣ ከዚያም «ከኛው ወገን የሸጡ ነበሩ» አለ። ብዙ ጥያቄ ጠየቅሁት፤ አንዱንም አላለፈም። እኔም የራሴ ጥያቄ ነበረኝ። ከሱልጣን ሰዒድ ሴቶች ልጆች አንዷ፣ ልዕልት ሳልሜ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ስለ ልጅነቷ ስትጽፍ በቤተ መንግሥቱ የነበሩትን የሐበሻ ሴቶች አስታውሳለች። ከየትኛው መንደር ተነጥቀው፣ በየትኛው ወደብ ተሻግረው እዚያ እንደደረሱ እያሰብኩ ከሐውልቶቹ ፊት ብዙ ቆየሁ። ብቻዬን ባልሆን ኖሮ እንዲህ አልቆይም ነበር። በቡድን የመጡት አጠገቤ ፎቶ አንስተው ወደ አውቶቡሳቸው ሄዱ፤ ጊዜያቸው የተቆጠረ ስለሆነ አልፈርድባቸውም።

እዚያ ቆሜ የኛን አሰብኩ። ወሎ የሚለውን ስም ዓለም የሰማው በረሃብ ነው፤ በ1965 እና 66፣ ኋላም በ1977። ውጭ አገር ከየት ነሽ ሲሉኝ ወሎ ካልኩ፣ ዕድሜው የገፋ ሰው ወዲያው ፊቱ ይለወጣል። እኛ ደግሞ እንግዳ ይህን ሲጠይቀን ርዕሱን እንቀይራለን። አሁን በቅርቡም፣ በ2014፣ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ድረስ መጥቶ ያየነውን አይተናል። ለእንግዳ ስንናገር ስለ ቁንጅናና ስለ ፍቅር አገር ብቻ እናወራለን። የፍቅር አገር መሆናችንን ከልቤ አምናለሁ። ነገር ግን ያ ወጣት አስጎብኚ የአገሩን ቁስል በረጋ ድምፅ ስለነገረኝ አገሩን አከበርኩለት። የኛም አስጎብኚዎች በረሃቡ ዘመን ምን እንደሆነ፣ ማን እንደደበቀው፣ ማን እንደደረሰልን፣ የተረፉት እንዴት እንደተረፉ፣ አያት እናቶቻችሁን ጠይቃችሁ እወቁ። የሚጠይቅ እንግዳ ሲመጣ ንገሩት።

ከቀትር በፊት ዳላ ዳላ ተሳፈርኩ፤ እንደኛ ሚኒባስ ያለ የሕዝብ ማመላለሻ ነው። ጆዛኒ ጫካ ወረድኩ። ጆዛኒ ብሔራዊ ፓርክ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2004 ነው። በዱር የሚኖረው በዛንዚባር ብቻ የሆነ ቀይ ጉሬዛ አለ፤ ጀርባው ቀይ፣ ፊቱ ጥቁር፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ጸጉር የተበተነበት። ከሰል ይበላል። የማንጎና የሌሎች ዛፎች ቅጠል ውስጥ ያለውን የሚጎዳ ነገር ከሰሉ ያበርድለታል። ገበሬው ይህን እንስሳ እንደ ጠላት ያየው ነበር፤ ሰብል ይበላበታልና። አሁን ከመግቢያው ክፍያ የተወሰነው ለአካባቢው መንደሮችና እርሻቸው ለሚጎዳባቸው ገበሬዎች ይደርሳል። በቦረና ሳይንት ፓርክ ዙሪያ የምትሠሩ እዚህ አላችሁ፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የምታስጎበኙ። ከዚህ ውስጥ አንዱን ብቻ ስጪ ብባል ይህን እሰጣችሁ ነበር፤ ገበሬው ከእንግዳው ብር ሲደርሰው ጫካው ጠባቂ ያገኛል።

የምሥራቁን ባሕር በአጭሩ ልለፈው፤ አሸዋውን በፎቶ አይታችሁታል። ያላያችሁት ሴቶቹን ነው። ውሃው ሲሸሽ ባሕሩ ውስጥ እስከ ጉልበታቸው ገብተው፣ በችካል መካከል በተወጠረ ገመድ ላይ የባሕር አረም ያስራሉ። ለንግድ መመረት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ሲሆን አምራቾቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። አረሙ ተደርቆ ወደ ውጭ ይላካል፤ ምግብና ቅባት ለማወፈር ይውላል። ባሕሩ ሲሞቅ የተሻለ ዋጋ የሚያወጣው ዝርያ እየሞተባቸው ተቸግረዋል። አንዷ እናት ገመዱን እንዴት እንደሚታሰር አሳየችኝ። ሙቀቱ ለኔ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ለተወለድኩት የደሴ ልጅ፣ ከባድ ነበር፤ እሷ ግን ጎንበስ ብላ ትሠራለች።

ማታ ወደ ከተማ ተመልሼ ፎሮድሃኒ በሚባለው የባሕር ዳር መናፈሻ ውስጥ በላሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ በፋኖስ ብርሃን ዓሣና ኦክቶፐስ ይጠበሳል፣ ኡሮጆ የሚሉት ሾርባ ይቀዳል። እናቶች ልጆቻቸውን ይዘው ስለሚመጡ ብቻዋን ያለች ሴት ከሰው ተለይታ አትታይም። ከአንድ ቤት ታዕራብ የሚባለው የስዋሂሊዎች ሙዚቃ ይሰማ ነበር፤ ቃኑን የሚሉት ባለ ብዙ ክር መሣሪያና ቫዮሊን። ይህን ስሰማ የኛ ትዝ አለኝ። ባቲና አምባሰል የሚባሉ ቅኝቶች ስማቸውን ከኛ አገር ወስደው ዓለም እየሰማቸው፣ ባቲ ወይም አምባሰል የደረሰ እንግዳ ግን በስማቸው የሚጠሩትን ቅኝቶች ሳይሰማ ይመለሳል። ይህ በጣም ያሳዝነኛል።

ብቻሽን አልፈራሽም ወይ ትሉኛላችሁ። መንገድ ላይ ተከትለው የሚያዋክቡ ወጣቶች ነበሩ፤ ያ በየትም አለ፣ በኛም መናኸሪያ አለ፣ መቅረትም አለበት። ያሳረፈኝ ግን ያደርኩባት ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ናት። ጠዋት ስወጣ በወረቀት ላይ ጻፈችልኝ፤ ስልኳን፣ የመጨረሻው ዳላ ዳላ ከባሕሩ የሚነሳበትን ሰዓት፣ የትኛው ሠፈር ከመሸ በኋላ እንደማይኬድ፣ ትክክለኛውን ዋጋ። ለአልጋው ከከፈልኩት ይልቅ ዋጋ የነበረው ያ ወረቀት ነው። የሆቴል ባለቤቶች፣ ይህ ምንም አያስወጣችሁም። መንገዱ ሰላም ያልሆነበት ቀን ከሆነም እውነቱን ጻፉለት፤ ነገ ይመለሳል።

ሐይቅን ውሰዱ፤ ከዚህ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የእስጢፋኖስ ገዳም ድሮ ደሴት ነበር፤ ውሃው ሸሽቶ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዟል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው ክፍለ ዘመን ያስተማሩበት ነው። ለሴት ገዳሙ አይፈቀድም፤ ሥርዓቱ ነውና ይከበር። ታዲያ ብቻዋን የመጣችው ሴት ከበሩ ተመልሳ ምን ታድርግ? አንዷ እህታችን ከሐይቁ ዳር አስቀምጣ ቡና አፍልታ የገዳሙን ታሪክ፣ የመጻሕፍቱን፣ የዓሣ አጥማጆቹን ኑሮ ብትተርክላት ቀኗ ይሞላል፤ ለእህታችንም እንጀራ ይሆናል።

ባቲ ደግሞ ሰኞ ነው። አፋሩ ከቆላ፣ ኦሮሞውና አማራው ከደጋው ወርደው የሚገናኙበት ገበያ ነው። እንግዳው ግመልና ፍየል አይቶ ፎቶ አንስቶ መመለስ የለበትም። ማን ምን እንደሚሸጥ፣ ጨዋታው እንዴት እንደሆነ፣ መቼ ካሜራ ማውጣት ነውር እንደሆነ የሚነግረው ሰው ይፈልጋል። ከገበያው በኋላ መሲንቆ የሚጫወት ሰው ቤት ቁጭ ብሎ ባቲን በባቲ ይስማ።

እኔ በመጪው ሰኞ ወደ ባቲ እሄዳለሁ። ከኮምቦልቻ መናኸሪያ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እንነሳለን፤ እንደ ብቻውን መንገደኛ በሕዝብ ማመላለሻ ሄደን፣ ከገበያው ሰዎች ጋር ተመካክረን፣ የመጀመሪያዋን ያቺን የመረጃ ወረቀት በአማርኛ፣ በአፋርኛ፣ በኦሮምኛና በእንግሊዝኛ ጽፈን እንመለሳለን። አፋርኛና ኦሮምኛ የምትችሉ ልጆች፣ እናንተን በጣም እንፈልጋችኋለን፤ ስማችሁን ከመውጣታችሁ በፊት በር ላይ ላለችው እህታችን አስመዝግቡ። አመሰግናለሁ፤ ያኑርልኝ።