ኮዱ ይታይ፣ ክፍያውም ይምጣ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የሠራሁትን የዳታቤዝ ፕሮግራም ኮድ ሁሉም እንዲያየው እፈልጋለሁ። ትልልቅ የክላውድ ድርጅቶች ግን በነጻ ወስደው እንዳይሸጡብኝ እሰጋለሁ። የትኛው ፈቃድ ይሻለኛል?

መልስ፦ ኤምአይቲና አፓቼ የሚባሉትን ልል ፈቃዶች ይተዉዋቸው፤ ሁለቱም መሸጥን ይፈቅዳሉ። ብዙዎች የሚመርጡት ጥንድ ፈቃድ ነው፤ ኮዱን፣ ያሻሻለው ሰው የራሱንም ለውጥ እንዲገልጥ በሚያስገድደው በኤጂፒኤል ፈቃድ ይለቁታል፣ በዚያ ግዴታ መገዛት ለማይፈልግ ድርጅት ደግሞ የንግድ ፈቃድ ይሸጡለታል። በኔትወርክ አገልግሎት ረገድ ግን ኤጂፒኤል የሚያስገድደው ፕሮግራሙን አሻሽሎ የሚያገለግለውን ነው። ምንም ሳይነካ እንዳለ ጭኖ አገልግሎቱን የሚሸጠውን አይከለክለውም። የእርስዎ ስጋት ደግሞ እሱ ነው።

ስለዚህ ቢዝነስ ሶርስ ላይሰንስ 1.1ን ይመልከቱ። ማንም ኮዱን ያያል፣ ይቀይራል፣ ያሰራጫል፣ ይሞክራል፤ መደበኛ ሥራ ላይ ለማዋል ግን ከእርስዎ ፈቃድ ያስፈልገዋል። ዋና ዋናዎቹ የሚሞሉ ቦታዎች ሦስት ናቸው፦ ተጨማሪ የአጠቃቀም ፈቃድ (እርስዎን ሳይጠይቁ የሚፈቀደው መደበኛ ሥራ)፣ የለውጥ ቀን እና የለውጥ ፈቃድ (በዚያ ቀን የሚተካው ፈቃድ)። እያንዳንዱ ቨርዥን ለሕዝብ ከወጣ ቢዘገይ በ4 ዓመቱ ወደ ለውጥ ፈቃዱ ይዞራል፤ የለውጥ ፈቃዱም ከጂፒኤል 2 (የተሻሻለው ኮድ ሲሰራጭ በዚያው ፈቃድ እንዲወጣ ከሚያስገድደው ፈቃድ) ወይም ከዚያ በኋላ ከወጣው ጋር የሚስማማ መሆን አለበት።

ነገር የሚበላሸው በመጀመሪያው ቦታ ነው። «የለም» ብለው ከሞሉት ትንሹም ተጠቃሚ ሥራ ላይ ሊያውለው አይችልም። «ተወዳዳሪ አይጠቀምበት» ብቻ ብለው ቢተዉትም ተወዳዳሪው ማን እንደሆነ ስለማይታወቅ የድርጅቶች ጠበቆች ፕሮግራሙን አያስነኩም። «ለሦስተኛ ወገን የዳታቤዝ አገልግሎት አድርጎ ከማቅረብ በቀር ይፈቀዳል» ዓይነት አጻጻፍ ይሻላል። ኦፕን ሶርስ ነው ብለው ግን አያስተዋውቁ፤ የትኛው ፈቃድ ኦፕን ሶርስ እንደሚባል መለኪያ ያወጣው ድርጅት፣ የኦፕን ሶርስ ኢኒሼቲቭ፣ በመለኪያው 6ኛ ነጥብ በሥራ መስክ መለየትን ስለሚከለክል ወዲያው ይወቀሳሉ።

ጥያቄ፦ ሌሎች ሰዎች ኮድ የጨመሩበትን ፕሮጀክት ፈቃዱን መቀየር እችላለሁ?

መልስ፦ እነሱ የጻፉት ኮድ ባለቤቶቹ እነሱ ናቸው። አስቀድመው የአስተዋፅኦ ስምምነት (ፈቃዱን የመቀየር መብት የሚሰጥዎትን ውል) ካስፈረሙ ቀላል ነው። ካላስፈረሙ የኮዱን ለውጦች በሚመዘግበው በጊት ታሪክ የእያንዳንዱን ድርሻ ይለዩ። በኤምአይቲ የሰጡት የባለቤትነት ማስታወቂያው ሳይነሳ አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ በጂፒኤል የሰጡት ግን ወይ በጽሑፍ ይስማሙ ወይ ኮዳቸው እንደ አዲስ ይጻፍ። ደግሞ አዲሱ ፈቃድ ወደኋላ አይሠራም። ሃሺኮርፕ የተባለው ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ቴራፎርም የተባለውን ፕሮግራሙን ኤምፒኤል ከሚባለው የኦፕን ሶርስ ፈቃድ ወደ ቢዝነስ ሶርስ ሲያዛውር፣ ሌሎች በኤምፒኤል የወጣውን የመጨረሻ ኮድ ይዘው ኦፕንቶፉ የሚባለውን ፕሮጀክት መሠረቱ። ይህን የማይፈልጉ ከሆነ ፈቃዱን ከመጀመሪያው ልቀት በፊት ይወስኑ።