የቀለም ሰዓት

ሰላም ሰላም፣ እንዴት ናችሁ! ባለፈው ስለ ዋርሶ ጌቶ፣ ናዚዎች የዋርሶን አይሁዶች ስላጎሩበት ሰፈር፣ የሠራነውን ላያችሁ ዛሬ ቀጥታ እገባለሁ። ያላያችሁ ሰብስክራይብ አድርጉና እሱን አይታችሁ ተመለሱ፤ የትም አልሄድም።

እስቲ አንድ ባቡር ጣቢያ አስቡ። የቲኬት መስኮት አለ። ወደ ቢያሊስቶክ ከተማ የሚጠቁም ጽሑፍ አለ። ግድግዳው ላይ ሰዓት አለ። ሰዓቱን ልብ በሉልኝ፤ አይሄድም። ባትሪ አልቆበት አይደለም። ቀለም ነው! ቁጥሩ ቀለም፣ ቆጣሪው ቀለም። መስኮቱም አይከፈት፣ ከኋላውም ሰው የለ። የቲያትር መድረክ ታውቁ የለ? ከፊት ስታዩት በር ነው፤ ዞር ብላችሁ ስታዩት ኮምፔንሳቶ። ልክ እንደዛ። ብቻ ከቲያትር ተመልካቹ ማታ ቤቱ ይገባል።

ይሄ ትሬብሊንካ ነው፣ ናዚዎች የያዟት ፖላንድ ውስጥ አይሁዶችን በባቡር እያመጡ የሚገድሉበት ካምፕ። የሚመጡት ሰዎች ተራ ጣቢያ እንዲመስላቸው በፈረንጆቹ 1942 መጨረሻ ላይ እንዲህ ያሳመረው የካምፑ አዛዥ ፍራንዝ ስታንግል ነው። የቀረውን ታውቁታላችሁ፣ ቶሎ ልበለው፦ ልብስ ማውለቅ፣ በአጥር መሃል ጠባብ መንገድ፣ "ሻወር" የተባለ ክፍል፣ ከውሃ ይልቅ የሚገድል የሞተር ጭስ። በአንድ ዓመት ገደማ ከ700 ሺህ በላይ ሰው ተገደለ። መራመድ ያቃተው ደግሞ "ክሊኒክ" ይወሰዳል። የቀይ መስቀል ባንዲራ ተሰቅሏል፤ ውስጡ ጉድጓድና ተኳሽ ነው። እኔን ከሰዓቱም በላይ የሚያበግነኝ ይሄ ነው።

አንድ ጥያቄ ደጋግማችሁ ትልኩልኛላችሁ፦ "ሁሉም ካለቁ ማን ነገራችሁ?" ቆይ፣ እዚህ ላይ እንቁም። ሁሉም አላለቁም። ለሥራ ያስቀሯቸው ነበሩ፤ ልብስ የሚለዩ፣ ሬሳ የሚያቃጥሉ። በፈረንጆቹ ነሐሴ 1943 እነሱ የመሣሪያ ግምጃ ቤቱን ተመሳስሎ በተሠራ ቁልፍ ከፈቱ፣ ካምፑን አቃጠሉ፣ ሮጡ። ጦርነቱ እስኪያልቅ በሕይወት የቆዩት 70 ገደማ ናቸው። አንዱ ሳሙኤል ቪለንበርግ ነው። የ19 ዓመት ልጅ ሆኖ ነው የገባው። አንድ ቀን ልብስ ሲለይ አንዲት ትንሽ ካፖርት እጁ ገባች። እጅጌዋ በአረንጓዴ ጨርቅ ተቀጥሏል። የቀጠለችው እናቱ ናት። ካፖርቷ የታናሽ እህቱ ናት።

እሺ፣ "የተጎጂ ወሬ አላምንም" ለምትሉ ደግሞ ገዳዮቹ ራሳቸው ማስረጃ ትተዋል። ኩርት ፍራንዝ የሚባል ምክትል አዛዥ ነበር። መልኩ ስለሚያምር እስረኞቹ "አሻንጉሊት" ይሉታል፤ እሱ ውሻውን ይለቅባቸዋል። በፈረንጆቹ 1959 ላይ ሲያዝ ቤቱ ውስጥ የካምፑ ፎቶ አልበም ተገኘ። ርዕስ ሰጥቶታል፦ "መልካም ጊዜያት"።