ሺልዱን የት ነው የምታስሩት? (ለጥገና ሰልጣኞች የተዘጋጀ ንግግር)

ሰላም እንዴት ናችሁ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ሲሪያል ኬብል፣ ማለትም ሁለት ዕቃ ዳታ የሚለዋወጥበትን ኬብል፣ እንሠራለን። ዩኤስቢ ባለበት ዘመን ደግሞ የምን ሲሪያል ኬብል የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ፣ አልፈርድባችሁም፣ ላፕቶፓችሁ ላይ ያ ዘጠኝ ፒን ያለው ነገር ከጠፋ ቆይቷል። ግን የከባድ መኪና ሚዛን ያለበት ሂዱ፣ ፋብሪካ ውስጥ የቆየ ማሽን ክፈቱ፣ በፈረንጆቹ 1960 የወጣው አርኤስ-232 የሚባለው የሲሪያል ግንኙነት ደንብ ዛሬም እዛው ቁጭ ብሎ ነው የምታገኙት።

ሽቦው ቀላል ነው። በዘጠኝ ፒኑ ኮምፒውተር በኩል 2 መቀበያ፣ 3 መላኪያ፣ 5 ግራውንድ (የጋራ መመለሻው ሽቦ)፣ ለብዙ ሥራ እነዚህ ሦስቱ ይበቃሉ። ሁለት ኮምፒውተር ስታገናኙ 2ና 3ን ታጠላልፋላችሁ፣ ሌላ ዕቃ ከሆነ ግን ቀጥታም ሊሆን ስለሚችል ማኑዋሉን ሳታዩ ሶልደር አታሙቁ። የፒኑ ቁጥር ደግሞ ከፊት ስታዩትና ሶልደር ከምታደርጉበት ከጀርባ ስታዩት ግራና ቀኙ ይገለበጣል፣ ፕላስቲኩ ላይ የተጻፈችውን ትንሽዬ ቁጥር በባትሪም ቢሆን አንብቡ።

አሁን ወደ ሺልዱ ልምጣ፣ ማለትም ኖይዝ (የኤሌክትሪክ ረብሻ) እንዳይገባ ሽቦዎቹን ወደሚሸፍነው ፎይል ወይም የተጠለፈ ብረት፣ የመጣሁትም ለሱ ነው። ብዙ ሰው አንድ ሽቦ ሲያጥረው ሺልዱን ግራውንድ አድርጎ 5 ላይ ይበይደዋል፣ እሱም ይሠራል፣ ጠረጴዛ ላይ እኮ ሁሉም ይሠራል! ችግሩ የሚመጣው ሚዛኑ ግቢው ዳር ሆኖ ኮምፒውተሩ ቢሮ ውስጥ ሲሆን ነው። የሁለቱ ቦታ መሬት እኩል ቮልቴጅ ላይ አይደለም፣ በሁለቱም ጫፍ ካሰራችሁት በሺልዱ ውስጥ ከረንት ይሄዳል፣ ያንን ኖይዝ ደግሞ ራሳችሁ ዳታው ግራውንድ ላይ ጨመራችሁት ማለት ነው፣ ከዛ ጄኔሬተር በተነሳ ቁጥር ስክሪኑ ላይ የማይነበብ ነገር ይመጣል። ስለዚህ ለግራውንድ የራሱ ሽቦ ስጡት፣ ሺልዱን በአንድ ጫፍ ብቻ ከኮኔክተሩ የብረት ሽፋን ጋር እሰሩት፣ ሌላኛውን ጫፍ ቆርጣችሁ ምንም እንዳይነካ ሸፍኑት። በሁለቱም በኩል ይታሰር የሚሉ አሉ፣ ለከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ኖይዝ ትክክል ናቸው፣ ለእንደዚህ ዓይነቱ ረጅም መስመር ግን እኔ አንድ ጫፍ ነው የምለው።

ፎይሉን ለመበየድ አትታገሉ፣ አሉሚኒየም ስለሆነ የእኛን ሶልደር አይቀበልም፣ አብሮት የሚሄደውን ራቁት ሽቦ ያዙ። የተጠለፈ ሺልድ ከሆነ ወደኋላ አጥፋችሁት የብረት ሽፋኑ ማሰሪያ ይንከሰው።

ርዝመትን በተመለከተ የድሮው ደንብ 50 ጫማ፣ 15 ሜትር አካባቢ ነበር፣ የኋለኛው ግን ርዝመቱን ትቶ የኬብሉን ካፓሲታንስ፣ ማለትም ሽቦዎቹ መካከል የሚጠራቀመውን የቻርጅ መጠን፣ ይገድባል፣ በጠቅላላ 2500 ፒኮፋራድ ይላል። በሜትር 100 ፒኮፋራድ ያለው ኬብል ከገዛችሁ 25 ሜትር ላይ አለቀ ማለት ነው፣ ሺልድ ያለው ደግሞ ካፓሲታንሱ ከሌለው ይበልጣል፣ ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ያለውን ቁጥር ሳታዩ ብር አትክፈሉ። ከዛ በላይ ርቀት ከሆነ አርኤስ-485 የሚባለውን ሌላ የሲሪያል ደንብ ተጠቀሙ፣ እሱ እስከ 1200 ሜትር ይሄዳል።

ስትጨርሱ ሁለቱንም ጫፍ ነቅላችሁ በቴስተር እያንዳንዱን ፒን ፈትሹ፣ ሺልዱና 5 ቁጥር አብረው ከጮሁ የሆነ ቦታ ተነካክተዋል። ቀጥሎ ኮምፒውተሩ ላይ ሰክታችሁ በሌላኛው ጫፍ 2ና 3ን አገናኙና ፑቲ የሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ላይ ጻፉ፣ የጻፋችሁት ተመልሶ ከመጣ ኬብሉ ደህና ነው። በሉ ወደ ጠረጴዛው እንሂድ፣ ሂት ሽሪንኩን (ሲሞቅ የሚጠበቀውን መሸፈኛ ቱቦ) ከመበየዳችሁ በፊት ሽቦው ላይ አስገቡት፣ በኋላ አይገባም።